ባለቀዳዳው የዱቄት ሳጥን

የውጭ ወታደሮች ካቡልን ለቀው በወጡ በዓመቱ፣ ቤት የሚፈትሽ አንድ የታሊባን ጎረምሳ ወደ አሮጊቷ ዛርሚና ጓዳ ገብቶ የዱቄቱ ሳጥን ፊት ቆመ። ሳጥኑ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ነበር፤ ክዳኑ ላይ ያለችው ቀጭን ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፋለች።

«ይሄ የምርጫ ሳጥን አይደል እንዴ፣ እማማ?»

መዋሸቱም ዛርሚናን ደከማት። «ነበር። ወታደሮቹ በታንክ አጅበው አመጡልንና ‹መሪያችሁን ምረጡበት› አሉን። ተሰልፈን መረጥን። መሪው ሲፈረጥጥ ለእኔ ሳጥኑ ተረፈኝ።»

ጎረምሳው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ ጎንበስ አለ። የክረምቱን ቀለብ ሊደፋባት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን ጨርቁን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ወተፈው።

«ጠበቅ ያድርጉት» አላት። «የእናቴን ዱቄት አይጥ የጨረሰው በእሷም የምርጫ ሳጥን ቀዳዳ ገብቶ ነው።»