የንጋት ቡላ

"ከትናንት ጠዋት ወዲህ ከውሃና ከመድኃኒቱ በቀር የቀመሱት ነገር አለ?" አለች ዶክተር መክሊት፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

"ምንም የለም" አለ ኦይታ። ጀርባው የተከፈተ አረንጓዴ ጋውን ለብሶ አልጋው ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ከኋላ በቀጭን ካሜራ አንጀቱን ሊያዩለት ነው፤ ማደንዘዣው የሚገባበት መርፌም ክንዱ ላይ ተሰክቶ በፕላስተር ተይዟል።

በሩ አጠገብ የቆመችው ታላቅ እህቱ ዘሪቱ ክው አለች። ኦይታ ዋሽቷል፤ መዋሸቱን የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት። ጎህ ሲቀድ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ አንጀቷን ቢበላው፣ ቡላ በጥብጣ በገዛ እጇ ያጠጣችው እሷ ናት።

በእነሱ ቤት ሕግ ቀጭን ቡላ ምግብ አይደለም። ምግብ የሚታኘክ ነው፤ ቆጮ ነው፣ ሥጋ ነው። ቡላ ለአራስ፣ ለበሽተኛና ከሩቅ መንገድ ለመጣ ሰው የሚሰጥ መጠጥ ነው፤ ደግሞም ነጭ ነው። ከክሊኒኩ የተሰጣቸው ወረቀት "ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይፈቀዳል" አይደል የሚለው? ዶርዜ ተወልዶ ያደገ ሰው ከቡላ የነጣ ፈሳሽ ከየት ያመጣል? ዘሪቱ ራሷን ያሳመነችው እንዲህ ብላ ነበር።

"ጥሩ" አለች ዶክተሯ። "ደጋግሜ የምጠይቅዎት ወድጄ አይደለም። ሆድዎ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ፣ ተኝተው ሳለ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባዎ ሊገባ ይችላል። ያ ደግሞ ይገድላል።"

ዘሪቱ ወንድሟን አየችው፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኗል።

ኦይታ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ከተማ ሱቅ ከከፈተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚያ ለዚሁ ምርመራ የጠየቁት ዋጋ የሱቁን የሦስት ወር ኪራይ ይውጥ ነበር። እሱንስ ተበድሮም ይከፍለው ነበር፤ ያቃተው ሌላ ነው። ሲነቃ ተቀብሎ ቤቱ የሚያደርሰውን ሰው ስም ጻፍ ሲሉት የሚጽፈው ስም አጣ። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ባለሱቅ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ሆስፒታል ደጅ የሚውልለት ማን አለ? ስለዚህ አርባ ምንጭ መጣ። የፊታችን ማክሰኞ ይመለሳል፤ ዶክተሯ ደግሞ ከአዲስ አበባ የምትመጣው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ብቻ ነው። ከሰገራው ጋር ደም ማየት ከጀመረ ወር እንደሆነው ነግሯቸዋል። አባታቸው በአንጀት በሽታ ሲሞት ከዛሬው ኦይታ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው።

ብትናገር ምርመራው ሊቀር ነው። ዝም ብትል ደግሞ ወንድሟን ልታጣው ትችላለች። አንድ ኩባያ ቡላ ምን ያመጣል፣ ሆድ ይፍጀው ልትል ቃጣት። ነርሱ ጢሞቴዎስ ወተት የመሰለ መድኃኒት የሞላበትን መርፌ አንስቶ ወደ ኦይታ ክንድ ጎንበስ አለ።

"ዶክተር፣ ቡላ ጠጥቷል" አለች ዘሪቱ። ድምጿ የራሷ አልመስልሽ አላት። "ዛሬ፣ ጎህ ሲቀድ። የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እሱን አይቆጡት።"

ጢሞቴዎስ እጁን መለሰ።

"ምን ያህል?" አለች ዶክተሯ።

"አንድ ኩባያ። ቀጭን ነው፣ ውሃ ማለት ነው።"

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀችና በረጅሙ ተነፈሰች። "ወደዚህ ከተማ መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ በቡላ ስትመጡብኝ እርስዎ አራተኛዬ ነዎት። ጥፋቱ የወረቀቱም ነው፤ ጻፊው ቡላን አያውቃትም።" ሰዓቷን አየች። "አሥር ሰዓት ላይ አውሮፕላን አለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻ አድርጌ አስገባዋለሁ። አሁኑኑ ግን አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት አንድ ሊትር ጨምሮ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ ውሃም ቢሆን የለም። አንጀቱ ካልጠራ አልነካውም።"

ኮሪደሩ ላይ፣ ሁለቱ በተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጢሞቴዎስ የበጠበጠውን ጨዋማ መድኃኒት በጆግ አምጥቶ መሃላቸው አስቀመጠው። ኦይታ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አፍንጫውን ይዞ ጨለጠው። ሊያስመልሰው ሲተናነቀው ዘሪቱ ጀርባውን አሸችው፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

"ወረቀቱን ለቤቱ ሰው ሁሉ አንብበህ ያስረዳኸው አንተ ነህ። እያወቅህ ለምን ጠጣህ?"

"በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቀስቅሶ እንካ ጠጣ ያለኝ ሰው የለም፣ ዘሪ። እጅሽን መመለስ አልቻልኩም።"

ሁለተኛውን ቀዳችለት።

"እሺ፣ ጠጣህ። ለሐኪም መዋሸት ምን አመጣው? እዚያ አልጋ ላይ ታፍነህ ብትቀር እኔ ለእማማ ምን ብዬ ልገባ ነው?"

"ዶክተሯ ከምትመልሰኝ ብዬ ነው። ምን እንደያዘኝ ሳላውቅ መሄድ አልችልም።"

"ቲኬትህን ታራዝማለህ። ወር የሆነው በሽታ ሌላ ሁለት ሳምንት ቢጠብቅ ምን ይሆናል?"

ኦይታ ብርጭቆውን አጋመሰና ጉልበቱ ላይ አስደገፈው። ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከአንድ ክፍል የወጣች ሴት አልፋቸው እስክትሄድ ጠበቀ።

"ወር አይደለም" አለ።

"ምኑ?"

"ደሙ። ለእናንተ ነው ወር ያልኩት። የጀመረኝ ካቻምና፣ በፋሲካ ሰሞን ነው።"

ዘሪቱ ብርጭቆውን ጨርሶ እስኪመልስላት እጇን ዘርግታ ጠበቀችው። ከዚያ ጆጉን በሁለት እጇ አነሳችና እስከ ጠርዙ ሞላችለት።