የካቺሲዋ ነጥብ

ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ዱረቲ ዝንብ እንደምታባርር ሁሉ እጇን አወዛወዘችብኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ዓይንም የሌለኝ መስሏታል። የወንድሜ ልጅ ናት፣ አክስቷ ስለሆንኩ አዳዳ ትለኛለች፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ የተቀመጠችበት ክፍል እንኳ የእኔ ነው።

«አዳዳ፣ ማሎ፣ እባክሽ አሁን አታናግሪኝ።»

መጋረጃውን ዘግታዋለች። ውጭ አምቦ ፀሐይ ላይ ናት፤ እዚህ ውስጥ ግን ወንዝ ስር የተቀመጥን ይመስል ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው። በኮምፒውተሯ መስታወት ላይ አራት ነጥቦች ያበራሉ፤ አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ካቺሲ። ሰርቨር ትላቸዋለች። በየከተማው የአሠሪዋ ክሊኒክ አለ፤ በየክሊኒኩ ጓዳ የበሽተኛውን ሁሉ ውጤት የሚይዝ አንድ አንድ ማሽን ተቀምጧል። እሷ ከዚህ ወንበር ሳትነሳ አራቱንም ትጠብቃለች። ጤነኛው አረንጓዴ ነው። የካቺሲዋ ነጥብ ቀልታለች።

እኔ እነዚህን ነጥቦች ሳይ ነው የምውለው። ሥራ ፈትቼ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ቅቤ የነገድኩበት መንገድ ነው። ጉደር ብልጭ ስትል ወንዙ በጭጋግ ውስጥ ሲያጉረመርም እሰማለሁ። ጊንጪ ላይ አውቶቡሶቹ ጡሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። ዓይኔ ካቺሲ ላይ ሲያርፍ ደግሞ በቅሎዬ ከፊቴ ትሄዳለች፤ ገደሉን ነጭ ደመና ሞልቶታል፤ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም።

ስልኩ ይጮኻል። አለቃዋ ተሬፋ ነው፣ ከአዲስ አበባ።

«እስካሁን አልተነሳም? አሥር ደቂቃ ነው ያለሽ። የትናንቱን ቅጂ አስነሺና ሥራ ይቀጥል።»

«የትናንቱ ከተነሳ በዛሬው ላይ ነው የሚጻፍበት፣ አቶ ተሬፋ። ከጠዋት ጀምሮ የሠላሳ ሰባት ሰው የደም ውጤት ገብቷል። ሁሉም ይጠፋል።»

«ታዲያ እንደገና ደም ይስጡ!»

እንደገና ይስጡ ይላል እኮ! ይህ ሰው ከገደል ወጥቶ የሚመጣ ገበሬ አይቶ አያውቅም። በሌሊት ተነስቶ፣ ያመጣውን ሸጦ፣ ደሙን ሰጥቶ፣ መንገድ ሳይመሽበት የሚመለስ ሰው ነው። «ሌላ ቀን ና» ካሉት አይመጣም። በሽታውን ይዞ ቤቱ ይተኛል።

«የካቺሲውን ዘበኛ፣ ሚልኬሳን፣ ጠይቂው» አልኳት፣ ለአራተኛ ጊዜ።

«ጠየቅኩት እኮ፣ አዳዳ! ምንም አልነካሁም አለኝ።»

«እና ዘበኛ ነክቻለሁ ሊልሽ ነው? ያለፈው ሳምንትም በዚሁ ቀን፣ ፀሐይዋ በመጋረጃው ስር ገብታ እግሬ ላይ ስትደርስ፣ ይቺው ነጥብ ቀልታ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረውም ሳምንት። አንቺ ስትጽፊ እኔ አያለሁ።»

ጣቶቿ ይቆማሉ። «ያኔ... ራሷ ተመልሳ ነበር።»

«ዛሬ አልተመለሰችማ። ዛሬ የካቺሲ ገበያ ነው፣ ያውም ለመስቀል የሚገበይበት። በይ ደውይና ስጪኝ።»

ታየኛለች። ሰዓቷን ታያለች። ደወለችና ድምፁን ለሁለታችን ከፍ አድርጋ ሰጠችኝ።

«አንተ ሚልኬሳ ነህ?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ወርቅቱ ነኝ፣ የዱረቲ አክስት። ስንት ስልክ ተቀበልክ?»

ከስልኩ ኋላ ገበያው ይሰማኛል፤ በግ ይጮኻል፣ አንዲት ሴት ትስቃለች።

«የምን ስልክ?»

«የገበያተኛውን ነዋ! እኔም ስነግድ ስልኬን ቻርጅ እንዲያደርግልኝ የምሰጠው እንዳንተ ላለ ዘበኛ ነበር። ገጠር መብራት እንደሌለ አንተ ልትነግረኝ ነው? የት ሰካኸው?»

«አዴ ወርቅቱ... ጠዋት መብራት ሄደ። ሰዉ ደግሞ ተሰልፏል። እናቴን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ እምቢ ልበላቸው? ጓዳ ካለው ባትሪ ላይ በማከፋፈያ...»

«ስንት?»

«ስልሳ ሁለት።»

ዱረቲ አፏን በእጇ ትይዛለች። ባትሪው መብራት ሲጠፋ ማሽኑን እንዲያቆይ የተቀመጠ ነው። «ከብዶት ራሱን አጥፍቷል» ትላለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«ንቀል» አልኩት። «አንድ እንዳታስቀር። ከዚያ የምትልህን አድርግ።»

ሲነቅል እሰማለሁ። እያንዳንዱ ስልክ ሲነቀል ቲት ይላል፤ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ብዙ፣ ሊነጋ ሲል ዋርካ ላይ እንደሚነቁ ወፎች። ዱረቲ በለሰለሰ ድምፅ ትመራዋለች፤ የባትሪውን ቁልፍ ተጫን፣ ጠብቅ፣ አሁን ጥቁሩን። ከዚያ ሁለታችንም ነጥቧን እናያለን። ሰማያዊው ክፍል ራሱ ትንፋሹን የያዘ ይመስለኛል።

ነጥቧ ትጠፋለች። ቢጫ ትሆናለች። ቆይታ፣ ቆይታ፣ አረንጓዴ።

ዱረቲ ወደ መስታወቱ ተጠግታ ትቆጥራለች። «ሠላሳ ሰባቱም አሉ» ትላለች።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ደም የሰጡት ሰዎች በደመናው ውስጥ ወደ ገደሉ ሲወርዱ ይታዩኛል፣ የውጤት ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው።

ተሬፋ መልሶ ይደውላል። «የትናንቱን አስነሳሽው?»

«አላስነሳሁም። የዛሬው ራሱ ተነስቷል።»

«ምን ሆኖ ነበር?»

ዱረቲ አፏን ከፈተችና ወደኔ ዞረች። እውነቱን ብትነግረው ሚልኬሳ ነገ ሥራ የለውም፤ ብትዋሽ ደግሞ በሳምንቱ ያው ነው። ስልኩን ከእጇ ወሰድኩት።

«ስማ ልጄ፣ ወርቅቱ እባላለሁ። ገበያተኛህ ስልኩን የሚሰካበት አጥቶ ከማሽንህ ጋር ባትሪ ሲሻማ ነው የዋለው። ዘበኛህን እንዳትነካ፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እምቢ አልላቸውም። ከክሊኒኩ በር ላይ ለነሱ ብቻ የሚሆን ባትሪና ሶኬት አስገባላቸው። ከሚቀጥለው ገበያ በፊት።»