የእትዬ ማኅደር

ሹፌሩ ታላቅ እህቱን የሚወድበት ምክንያት ሁለት ነበር፤ አንዱ እህቱ መሆኗ፣ ሌላው ቤቷ። ቤቱ የወላጆቻቸው ነው። የራሱን ድርሻ ድሮ ለሷ ሸጦ አሮጌ ታክሲ ገዛበት፣ ታክሲዋም ዓመት ሳትሞላ ሞተሯ ነደደ። አሁን እሱ የሰው አውቶቡስ እየነዳ ኪራይ ቤት ይኖራል። እሷ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ሦስት ክፍል ከነጓሮው ይዛ ተቀምጣለች።

እህቱ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስላረጀች ወረቀት ማስቀመጥ አመል ሆኖባታል። ጊዜው ሠልጥኖ አሁን ሁሉንም በስልኳ ፎቶ እያነሳች ኢንተርኔት ላይ ታኖረዋለች፤ የቤቱን ካርታ፣ የደም ግፊቷን ውጤት፣ የጥርሷን ራጅ፣ የሱን የልደት ምስክር ወረቀትና የፍቺ ውሳኔ ሳይቀር። እሱ ስለ ነገሩ የሚያውቀው "ደመና ላይ ነው" መባሉን ብቻ ነው።

"እትዬ፣ ዝናብ የጣለ ቀን ካርታሽ ጎረቤት ጓሮ እንዳይወርድ" ይላታል።

"የይለፍ ቃሉን እንኳ የማያስታውስ ሰው ደግሞ!" ትለዋለች።

እውነቷን ነው። ኢሜይል በከፈተ ቁጥር መግቢያው ይጠፋዋል። ስለዚህ ለባንክም፣ ለመሥሪያ ቤቱ የጤና ምርመራም፣ ለመንጃ ፈቃድ እድሳትም የሚሞላው የሷን ነው። የመጣውን እሷ ታያለች፤ ቁም ነገር ካለው ትነግረዋለች።

አንድ እሑድ ምሳ ልታቀርብ ጓዳ ስትገባ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ረሳችው። ካርታውን አየት ለማድረግ ያህል አነሳው። ማከማቻው ክፍት ነበር፤ የተከፈተው ግን የሐኪም ወረቀት ነው፣ ያውም የመጨረሻው ገጽ። "ዕጢው ወደ ጉበት ተሠራጭቷል። ቀዶ ሕክምና አይመከርም" ይላል። ኮቴዋን ሲሰማ ስልኩን እንደነበረ መለሰው።

ሳህን ይዛ ስትገባ ዐይኗ ቀልቷል።

"ሽንኩርት ነው" አለች፣ ሳይጠይቃት።

አዘነ። የምሩን አዘነ። በልቶ ሲጨርስ ግን ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና ቀለም እንደሚያስፈልገው አሰበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድም ሆነ። ዕረፍት ባገኘ ቁጥር እየመጣ ግድግዳ ቀባ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ፣ ቤቱ የሱ ሲሆን የሚያፈርሰውን ግድግዳ በዐይኑ ለካ። ስለ በሽታው ትንፍሽ አላለም። በሽተኛን ስለ ሞቷ የሚያናግር ምን ዓይነት ሰው ነው? እሷም አላነሳችበትም።

እንዲያውም ደግነቷ ባሰ። ሳንቲም ስታወጣ እጇ የሚንቀጠቀጠው ሴትዮ ለሱ ብላ ሥጋ መግዛት ጀመረች።

"ብላ እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው የምትተወው?"

"ጠግቤ ነው።"

ሥራ ሲበዛበት ምግብ ያስጠላዋል። ቀበቶውም አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ምን ይደረግ፣ ቤት እንዲሁ ቁጭ ብለው አይወርሱት።

"አንተ ልጅ፣ ከዚያ መሰላል ላይ ውረድ! ዕረፍ በቃ!"

"አንቺ ዕረፊ እትዬ። እኔ አለሁልሽ።"

ይህን ሲላት ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ልቡ ተነካ። ሰዓቱ አሁን መሆኑም ገባው።

"እትዬ፣ ኋላ ጣጣ እንዳይመጣ ካርታውን በሁለታችን ስም ብናደርገውስ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በእጇ ያለውን ጭልፋ ትወረውርበት ነበር። አሁን ትክ ብላ አየችው።

"እሺ የኔ ጌታ፣ ደስ የሚልህ ከሆነ ይሁንልህ። አንድ ነገር ግን እሺ በለኝ፤ ሌላ ሆስፒታል ቀጠሮ አስይዣለሁ፣ አብረኸኝ ሂድ።"

"ብቻሽን የምልክሽ መስሎሻል?" አላት፣ ተቆጥቶ።

ቃሏን ጠበቀች። ስሙ ካርታው ላይ ገባ፤ ያንንም ፎቶ አንስታ ከሌሎቹ ጋር አኖረችው። እሱ ያን ቀን ሲነዳ እያፏጨ ዋለ።

የቀጠሮው ዕለት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ክንዷን ደግፎ ወሰዳት። ለጠየቀውም ላልጠየቀውም "እህቴ ናት፣ አሟት ነው" ይላል። ደረጃው ላይ እንድታርፍ ብሎ ሁለቴ ቆመ፤ እሷ አልደከማትም፣ የሱ ትንፋሽ እስኪመለስ ግን ጠበቀች።

ሐኪሙ ክፍል አንድ ወንበር ነበር፤ ለሷ ሳበላት። እሷ ግን እንደቆመች ስልኳን ለሐኪሙ ዘረጋችለት። ሐኪሙ ገጹን በጣቱ እየገፋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

ሹፌሩ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ።

"አይዞሽ" አላት።

"እርስዎ ውጭ ይጠብቁን" አላት ሐኪሙ፤ ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ "ሸሚዝዎን ያውልቁና አልጋው ላይ ይውጡ" አለው።