በሽታውን ሶንጎ ፊት የከሰሰው ባልቻ

«ባልቻ፣ ክስህን አሰማ!»

ባልቻ ጋቢውን ከፊቱ ላይ እንኳን አላነሳም...

«ማንን ነው የምከሰው? ተኝቼ?»

«በሽታህን!» አሉት ሀይቻ ጉግሳ።

ግቢው ሙሉ ሽማግሌ ነው... አንድም ሰው አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ፣ ቦታው ጌዴኦ፣ ከፍስሐ ገነት ከተማ ወጣ ብሎ ያለ መንደር።

ባልቻ ማለት ገበያ ሲሄድ ድምፁ ቀድሞት የሚደርስ ቡና አምራች ነበር።

ከዛ ፊቱ አበጠ... እግሩ አበጠ...

ተሸክመው ዲላ ወሰዱት። ሐኪሙ አየውና «ኩላሊቱ ነው። ጨው ይተው፣ ውሃም በልክ ይሁን። ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» ብሎ መለሳቸው።

ያኔ እኮ የኩላሊት እጥበት የሚባል ነገር በዚያ አገር ማንም ሰምቶ አያውቅም!

ባልቻ ቤቱ ገባ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አፉን ዘጋ።

ሚስቱ ሙሉካ ታጎርሰዋለች... አይውጥም።

ታወራዋለች... ዝም።

ጠያቂው ደግሞ ያው ነው። «አይዞህ! ምንም አትሆንም! ኧረ ተሽሎሃል!»

እንዲህ በተባለ ቁጥር ሰውየው ይብሱን ጋቢው ውስጥ ይቀበራል።

ሙሉካ ገባት... ኩላሊቱ ሳይገድለው ዝምታው ሊገድለው ነው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሶንጎው ራሱ ተነስቶ መጣ!

ሶንጎ ማለት የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠብ የሚዳኙበት ሸንጎ ነው። ሰው ወደ ሶንጎ ይሄዳል እንጂ ሶንጎ ወደ በሽተኛ ቤት ሲመጣ ማን አይቶ ያውቃል?

ባልቻን ከነምንጣፉ አንስተው ግቢ አወጡት።

የሶንጎው መሪ፣ በጌዴኦ የሽማግሌ ማዕረግ «ሀይቻ» የሚባሉት ጉግሳ፣ ሕጉን ተናገሩ።

«ከሳሽ ሲናገር ማንም አያቋርጥም። "አይዞህ" ያለ ደግሞ ይቀጣል!»

ባልቻ መጀመሪያ የጀመረው ስድብ ነበር። «ሥራ የላችሁም እንዴ እናንተ? ቡናችሁን ማን ይልቀምላችሁ?»

ማንም አላቋረጠውም... ስድቡ ራሱ አለቀ።

ጋቢውን ከፊቱ ገለጥ አደረገና...

«እግሬን ወሰደብኝ።»

«የምግቤን ጣዕም ወሰደብኝ... ውሃ እንኳን እንደ ሕፃን ለምኜ ነው የምጠጣው።»

ዓይኑን ወደ ሙሉካ መለሰ።

«...እፈራለሁ። ከተኛሁ የምነቃ አይመስለኝም።»

ሙሉካ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ባሏ «እፈራለሁ» ሲል ሰምታ አታውቅም!

«ለተከሳሹስ ማን ይቆማል?» አሉ ሀይቻ።

«እኔ!»

ሰው ሁሉ ዞረ... ዘነበ!

በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ከባልቻ ጋር ለዓመታት ሰላም የማይባባለው ጎረቤቱ!

«ይሄ ደግሞ ሞቴን ሊያይ መጣ?» አለ ባልቻ።

«ዝም በል፣ ተራው የኔ ነው! አሁን እኔ በሽታው ነኝ!» ዘነበ መሀል ገብቶ ቆመ። «እግሩን ወስጃለሁ፣ አልክድም። ጨውንም ወስጃለሁ። ምላሱን ግን መቼ ነካሁ? ሚስትህን አታናግር ያልኩት እኔ ነኝ? እኔ የያዝኩት ጥግ ነው... እሱ ግን ማሳውን በሙሉ ጥሎልኝ ሄደ! ለዘነበ አንድ ስንዝር ያልለቀቀ ሰውዬ!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

ባልቻም ሳቀ...

እውነት ሳቀ!

ሽማግሌዎቹ ተማክረው ፈረዱ።

«ተከሳሹን ከዚህ ቤት ማስወጣት አቅማችን አይደለም። ድንበር ግን እናበጃለን። እግርህና ጨውህ የእሱ ይሁን። ምላስህ፣ ሚስትህ፣ ሳቅህ ያንተ ነው። ወሰን ካለፈ ጩኽ!»

ከዚያ በኋላ ባልቻ «ሙሉካ፣ ዛሬ ወሰን አለፈ!» ሲል ሥራዋን ጥላ አጠገቡ ትቀመጣለች። «ምኑን ወሰደብህ?» ትለዋለች።

ይነግራታል... ትሰማዋለች።

ልዋሻችሁ አልችልም፣ ኩላሊቱ አልዳነም። ከወራት በኋላ ሞተ። ግን እያወራ፣ እየተጨቃጨቀ፣ እየሳቀ ነው የሞተው።

ቀብሩ ላይ ሙሉካ ሀይቻ ጉግሳን ልታመሰግን ጠጋ አለች።

«እንዴት አሰባችሁት ግን?»

«እኛ አይደለንም ልጄ። ደጃችን ቆሞ የለመነን፣ "በሽታውን ክሰሱለት" ያለን እሱ ነው...»

ጣታቸው ያመለከተው ዘነበን ነበር!

«አንተ? ጠበኛው?» አለች ሙሉካ።

ዘነበ የመቃብሩን አፈር ከእጁ እያራገፈ...

«ሲሰድበኝ እኮ ድምፁ ማሳዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር እቴ። ዝም ሲል ጊዜ... ፈራሁ።»

......

ዛሬ ማሽን አለ። እጥበት ላይ ያሉ ወገኖቻችንን ደም ያጣራል።

ፍርሃታቸውን ግን ማሽን አያጣራም... ሰው ነው የሚሰማው!

ፍርሃትን በስሙ መጥራት ይለመዳል፣ ባልቻ ታሞ ተኝቶ ለመደው። መስማትም ይለመዳል። «አይዞህ» ብለን የታማሚውን አፍ ከመዝጋታችን በፊት «ምን ወሰደብህ?» እንበለው።

እስቲ ንገሩኝ... በከፋችሁ ቀን «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» ሳይል ቁጭ ብሎ የሰማችሁ ሰው ማነው? ስሙን ኮሜንት ላይ አስቀምጡለት 👇