የአጣሪው ምሳ

ማዘጋጃ ቤቱ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የሚሰጠውን አስቸኳይ ድጋፍ ለማግኘት መጀመሪያ መቸገር ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ ደግሞ ችግሩን ቤት ድረስ ለሚመጣ አጣሪ ማሳየት። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያውን በሚገባ አሟልታለች። የኤሌክትሪክ መስመር ተያይዞ እሳቱ የስፌት ማሽኗን፣ የደንበኞቿን ጨርቅና የግድግዳውን ግማሽ በልቶባታል። ማሽኑ የእንጀራ ገመዷ ነበር። በድጋፉ ሌላ ካልገዛች ሁለት ልጆቿንና አማቷን ይዛ በወሩ መጨረሻ ቤቱን ትለቃለች።

የሚጎበኙት ሰዎች ስምና አድራሻ ከነቀኑ በቢሮው በር ላይ ተለጠፈ። ለማንም አላፊ አግዳሚ ይነበባል። የእሷ ቀን ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነበር።

ሰፈሩ «ሚኒስትሯ» የሚላቸው አማቷ በዋዜማው ስብሰባ ጠሩ። ተሰብሳቢዋ ምራታቸው ብቻ ነበረች።

«ምን እናቀርብለታለን?» አሉ።

«ለማን?»

«ለአጣሪው ነዋ።»

«እማዬ፣ ሰውየው የሚመጣው እኮ የምንበላው እንደሌለን ሊያይ ነው።»

«ይይ። ግን ሳይበላ አይወጣም። ድሃ ብንሆን ባለጌ አይደለንም።»

ልብስ ሰፊዋ ተከራከረች፣ ተለማመጠች፣ በመጨረሻ ተሸነፈች። ከሚኒስትሯ ጋር ተከራክረው ያሸነፉት ሟች ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ያሸነፉት በመሞት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዶሮው ከፀጉር አስተካካዩ ሚስት፣ ሩዙ ከታክሲ ነጂው፣ ደህና ደህና ሰሃኖች ደግሞ ላይኛው ፎቅ ካለችው ነርስ በውሰት መጡ። ብርቱካኑ ከየት እንደመጣ ሚኒስትሯ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም።

ሰውየው የደረሰው ዶሮው ከእሳት ሳይወርድ ነው። ሃምሳን ተሻግሯል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ በብብቱ ፋይል ይዟል።

«ከማዘጋጃ ቤት ነዎት?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከዚያው መምጣቴ ነው።»

«ከምሳ በኋላ ብለውን ነበር።»

«ከምሳ በኋላማ ምን ይታያል?» አለና ገባ።

ነገሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። የተቃጠለውን ግድግዳ በጣቱ ነካ፤ ፍራሹን ገለጠ፤ ስንት ሰው እንደሚተኛበት፣ የሚረዳቸው ዘመድ እንዳለ፣ ቴሌቪዥኑን የት እንደደበቁት ጠየቀ። ቴሌቪዥን ኖሯቸው አያውቅም። ከዚያ ወደ ምድጃው ሄዶ ክዳኑን አነሳና ድስቱ ውስጥ አተኩሮ ቀረ።

«ዶሮ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። «ከጎረቤት ነው፤ ለእርስዎ ብለን ነው እንጂ እኛማ…»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ቢሮው ደግሞ አያምንም። ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።»

«ቆመው ምን ያደርጋሉ?» አሉ ሚኒስትሯ ወንበር እየሳቡ።

እንደ ወጉ አንዴ እንኳ «በቃኝ» ሳይል ተቀመጠ። ፋይሉን ከጎኑ አኖረው፤ አልከፈተውም። ከዚያ መብላት ጀመረ፤ መብላት ሲባል ደግሞ መብላት ነው። አንዱን እግር ጨርሶ ሁለተኛውን አነሳ፣ ሩዙን አስጨመረ፣ ቀበቶውን አላላ። ልብስ ሰፊዋ በእያንዳንዱ ጉርሻ የስፌት ማሽኗ በሰውየው ጉሮሮ ሲወርድ ታያት። ልጆቿ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ አንድ ክንፍ ይተርፍ እንደሆነም አሰበች፤ እያሰበች ሳለ ክንፉም ተነሳ።

«እጅዎ ይባረክ እማማ» አለ ሰውየው። «እንዲህ ያለ ነገር ከቀመስኩ ቆይቻለሁ።»

«ታዲያ ማሽኑ እንዴት ይሆናል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አጥንቱን አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈረ መሰለ።

«በእኔ ቢሆን ዛሬውኑ ትወስጂ ነበር። ውሳኔው ግን የእኔ አይደለም። አንድ ነገር ልምከርሽ፤ እኔ ስወጣ ይህን ሰሃን ሁሉ ቶሎ አንሺ።»

«ለምን?»

«ብቻ አንሺ። ይህም እዚህ ባይገኝ ይሻላችኋል።» የተረፈውን ዶሮ በጋዜጣ ጠቀለለ፣ ሁለት ብርቱካን ጨመረበትና ከፋይሉ ጋር በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

«ሆዳም» አሉ ሚኒስትሯ ኮቴው ደረጃውን ሲወርድ። «ለማስረጃ ነው የወሰደው ይሆን? ማስረጃ ይበላል እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልትል ነበር፤ አማት ናቸውና ዋጠችው። ሰሃኑን ለማንሳትም አቅም አጣች። ማሽኑ እንዳለቀለት አልተጠራጠረችም፤ ተቀምጣ አለቀሰች። ሚኒስትሯ አጠገቧ ቁጭ ብለው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት።

«አብልተናቸው ከለከሉን ይባላል እንጂ አስርበን ሸኘናቸው አይባልም» አሉ።

በሩ ተንኳኳ።

«ብርቱካኑ አነሰው» አሉ ሚኒስትሯና ከፈቱ።

የማዘጋጃ ቤቱን መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ቆማለች። «ለማጣራት ነው የመጣሁት፤ ካሰብኩት ትንሽ ቀደምኩ መሰለኝ» ብላ ገባች። የአጥንቱን ክምር አየች፤ የነርሷን ሰሃኖች አየች፤ ዞር ብላ ደግሞ ወደ ደረጃው አየች።

«አሁን ታች ካገኘኋቸው አባት ጋር ዘመዳሞች ናችሁ መሰለኝ» አለች። «ባለፈው ሳምንት እሳቸውንም የከለከልኳቸው፣ ለማጣራት ብሄድ ዶሮ ሠርተው ስለጠበቁኝ ነው።»