የኦቦ ጎሊቻ ግማሽ

ባትሪውን ከድንጋዩ ሥር አበራለሁ፤ አረንጓዴው ከውስጡ ቦግ ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ሻጮች የጠርሙስ ስባሪና የወንዝ ጠጠር ሲያሳዩኝ ስለዋሉ ማመን ሰልችቶኛል። ማጉያውን አንስቼ ዓይኔን እጠርግና እንደገና አያለሁ። ኤመራልድ ነው፤ ጥርት ያለ ኤመራልድ።

አንዱ ጎኑ ግን ገና ትናንት የተሰበረ ነው።

«ኦቦ ጎሊቻ፣ ሌላው ወገኑስ?»

ሽማግሌው ፈገግ ይላሉ። «ሚልኪ ጋ ነዋ፣ አዴ ጠይባ። የእህቴ ልጅ። አብረን ቆፈርን፣ እኩል ተካፈልን።»

«ሸጣችሁ ብሩን አትካፈሉም ነበር?»

«እስኪሸጥ ማን ይያዘው? አንዱ ኪስ ካደረ ጥርጣሬ አብሮ ያድራል። እኔም ሽማግሌ ነኝ ብዬ ልያዘው ብል ነውር ነው። ሚልኪ በመዶሻ አንዴ መታው። እጁ አይስትም።»

ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ እደገፋለሁ። ጨርቅ ሻጭ ሆኜ ብቀር ምን ነበረበት! ነገሌ ተቀምጬ ከነጫፉ የወጣ ሙሉ ድንጋይ ስጠብቅ ፀጉሬ ሸብቷል።

«እና፣ ጊደር ይገዛልኛል?» ይሉኛል። ድርቁ አንድ ላም እንኳ አላስቀረላቸውም። በዚህ ዕድሜያቸው ጉድጓድ የወረዱትም ለዚሁ ነው።

«ለቀለበት የሚሆን ትንንሽ ፍሬ ነው የሚወጣው። ለፍየል ቢበቃ ነው፣ ኦቦ።»

«ባይሰበርስ ኖሮ?»

መዋሸት እችላለሁ። ግን ደክሞኛል፤ ውሸትም ጉልበት ይፈልጋል።

«ከብቶቻችሁ ይመለሱ ነበር።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ምነው በዋሸሁ እላለሁ በልቤ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለሚልኪ እንዳትነግሪው፤ የመታው እሱ ነው» ይሉኛል።

ደጃፉ ላይ ባጃጅ ይቆማል። ሚልኪ እየሳቀ ይገባል።

«አካም፣ አዴ! ናጋ?»

የራሱን ግማሽ ከሽርጡ ጫፍ ፈትቶ እንደበራ ባለው ባትሪ ላይ፣ ከአጎቱ ግማሽ አጠገብ ያኖረዋል፤ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያገጣጥመዋል። ፀጉር እንኳ አያሳልፍም።

«እስቲ ይዩት፣ እኩል አይደለም?»

ኦቦ ጎሊቻ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«እኩል ነው» እለዋለሁ። «እጅህ አይስትም።»

ባትሪውን አጠፋለሁ። አረንጓዴው ከሁለቱም ግማሽ እኩል ይጠፋል።