ባትሪው ደህና ነው

«አሁንስ? አሁንም አልወረደም?» አሉ አዛውንቱ፣ ለስድስተኛ ጊዜ።

«ገና ነው አባባ።»

ስክሪኑ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር እንደ ሜዳ ተዘርግቷል። ባትሪው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በቀይና በጥቁር ሽቦ ተይዞ ቻርጁን ያለማቋረጥ እያፈሰሰ ነው፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ባትሪ ፈታሿ እዚህ ላቦራቶሪ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ባትሪ እንዲሞት የሚመኝ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። የሚመጣው ሰው ሁሉ «ትንሽ በቆየልኝ» ባይ ነው። እኚህ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ግን ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ መስመሩን በዓይናቸው ቁልቁል የሚገፉት ይመስላሉ።

ባትሪው የባለቤታቸው የኦክስጅን ማሽን መጠባበቂያ ነበር። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ባትሪው እስኪነጋ ሠርቶ ቻርጁን ጨረሰ። እሁድ ጠዋት መብራት መጣና ቻርጅ ላይ ሰኩት። ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲጠፋ ግን ባትሪው አምስት ደቂቃ እንኳ አልሠራም። ልጃቸው የኦክስጅን ሲሊንደር ፍለጋ በየደጁ ስትሮጥ ቆይታ ስትመለስ እናቷ አልጠበቋትም።

«ልጄ ሚጡ እህል ካፏ አይገባም» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ያን ቀን ክፍሉን የጠረገችው እሷ ናት። በኋላ ገመዱ ከሶኬት ወጥቶ ስናገኘው፣ በመጥረጊያ የነቀልኩት እኔ ነኝ አለች። እማዬን ገደልኳት ትላለች። ባትሪው ድሮም የተበላሸ ነው የሚል ወረቀት ብወስድላት ግን፣ ማኅተም ያለበት፣ ታምናለች። ማኅተም ታምናለች እሷ።»

ፈታሿ ጠዋት፣ እሳቸው ሳይመጡ፣ ትናንት ተቀብላው ቻርጅ ሲደረግ ባደረው ባትሪ ውስጥ ቀጭን ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት አሳልፋ የውስጥ ተቃውሞውን፣ ማለትም ጅረቱን ምን ያህል እንደሚያግድ፣ ለክታው ነበር። ባትሪ ሲያረጅ ይህ ቁጥር ያሻቅባል። የዚህኛው ከአዲስ ባትሪ በጥቂት ነው የበለጠው። አልነገረቻቸውም። ምናልባት ሲፈስ ሌላ ነገር ያሳይ ይሆናል ብላ፣ እሷም ሳታውቀው ከሳቸው ጋር መስመሩን ስትገፋ አረፈደች።

«በአውቶቡሴ ዘመን» አሉ ሽማግሌው «እንዲህ ያለ ባትሪ ቢኖረኝ ተሳፋሪ ወርዶ ባልገፋልኝ ነበር።» ሊስቁ ሞክረው ተዉት።

ወደ ሰባት ሰዓት ግድም መስመሩ ታጠፈ፤ ከዚያም ገደል እንደገባ ቁልቁል ወረደ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ወረደ! ወረደ አይደል?»

«ወረደ።»

«ታዲያ ሞተ ማለት ነው!»

አዲስ ባትሪ አራት ሰዓት ይሰጣል። ይህኛው የሰጠው ከአራት ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ። «አርጅቷል» ብትል ውሸት አይሆንባትም፤ በዚያች ስንጥቅ አባትም ልጅም ሾልከው ሊያመልጡ ይችላሉ። ወረቀቱም ማኅተሙም እጇ ላይ ነው። እስክሪብቶዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ይቀመጡ። ባትሪው ደህና ነው። ያን ቀን ባዶ ነበር እንጂ ችግር የለበትም። ጠዋቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ቢውል ኖሮ…» ቀሪውን ዋጠችው።

ሽማግሌው ተቀመጡ።

«የነቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ፈታሿ ተሳስታ የሰማች መሰላት።

«ጺሜን በመላጫ ማሽን ልላጭ ብዬ። መስታወቱ አጠገብ ያለው ሶኬት ያ ብቻ ነው። እናቷ ስትስመኝ ይዋጋል ትላለች… ትል ነበር። ተላጭቼ ሄጄ ጉንጬን ሰጠኋት። ሳመችኝ። ጎበዝ አለችኝ። ገመዱን መልሶ መሰካቱን በዚያው ረሳሁት።» እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «ሚጡ እኔ ነኝ ስትል አፌ ተሳሰረ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል ሦስት ሳምንት ሞላ። የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ የባትሪው ቢሆን ሁለታችንም እንተርፍ ነበር።»

ፈታሿ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። እሳቸው ስልካቸውን አውጥተው፣ ሁለት ጊዜ ተሳስተው፣ በሦስተኛው ደወሉ።

«ሚጡ። አይ፣ ደህና ነኝ። ባትሪው የሚፈተሽበት ነኝ። ስሚኝማ። ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም። ልላጭ ብዬ እኔ ነኝ። … እየሰማሽኝ ነው? … ቤት ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

ፈታሿ ወለሉን አየች።

ሽማግሌው ስልኩን ቀስ ብለው ከጆሯቸው አወረዱ። «ባለህበት ቆይ ብላ ዘጋችው» አሉ።

ልጃቸው እንዳታጣቸው ብለው ወደ ግቢው በር ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ፈታሿ ሽቦዎቹን ከባትሪው እያላቀቀች በመስኮት ታያቸው ነበር። ታክሲ በቆመ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ ሰው ሲወርድ ይነሳሉ፤ ሌላ ሰው ሲሆን ይቀመጣሉ።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጥቁር የለበሰች ወጣት ከታክሲ ወረደች። መጥታ ፊታቸው ቆመች። እሳቸው ለመነሳት ሲሞክሩ በእጇ ምልክት ከለከለቻቸው። አልጮኸችም፤ አላቀፈቻቸውም። ብዙ ቆማ፣ በመጨረሻ እሷም ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር። ሁለቱም አልተጠጉም።